ቅጥሩ ብቻ ሳይሆን ዕድገቱም ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ ስብጥር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ቅጥር ነው፤ ስንት ሴት ገባች፣ ስንት አካል ጉዳተኛ ፈተናውን አለፈ ይባላል። ቁጥሩ በማዕረግ ተከፋፍሎ ካልቀረበ ግን የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው። በጀማሪው የዲፕሎማት ማዕረግ፣ ማለትም ሦስተኛ ጸሐፊ ላይ፣ ግማሽ በግማሽ የነበረው የሴቶች ቁጥር ከፍ ወዳለው የአማካሪ ማዕረግ ሲደርስ ከሳሳ፣ ሰው የሚጠፋው ከገባ በኋላ ነው ማለት ነው።

የሚጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ በምደባ ነው። አዲሷ ዲፕሎማት ቪዛ መስኮት ላይ ትቀመጣለች፤ ቀጥሎ ፕሮቶኮል፣ ከዚያ አስተዳደር። አብሯት የተቀጠረው ፖለቲካ ክፍል ሆኖ ሪፖርት ይጽፋል፣ ድርድር ላይ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ከዓመታት በኋላ የዕድገት ኮሚቴው «የፖለቲካ ሪፖርት ልምድ» ሲል የእሷ ማኅደር ባዶ ሆኖ ይገኛል። አታድጊም ያላት ማንም የለም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምደባዎች ሁሉም ሰው አንዱን በቆንስላ፣ ሌላውን በፖለቲካ ወይም በኢኮኖሚ ክፍል እንዲሠራ በመመሪያ ይደንገግ። ክፍት ቦታም ለሁሉም በአንድ ቀን ይለጠፍ እንጂ በስልክ አይታደል።

ሌላው መሰናክል ትዳር ነው። በአሜሪካና በብሪታንያ ያገባች ዲፕሎማት ሥራዋን እንድትለቅ ያስገድድ የነበረው አሠራር የቀረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በህንድም ዲፕሎማቷ ሲ. ቢ. ሙታማ ክስ መሥርተው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ሴት ዲፕሎማት ለማግባት ፈቃድ እንድትጠይቅ የሚያስገድደውን ደንብ አጥብቆ ነቅፏል። ዛሬ እንዲህ ያለ ደንብ ባይኖርም፣ የትዳር ጓደኛ በተመደቡበት አገር ሥራ መያዝ ካልቻለ ከሁለቱ አንዱ ሙያውን መተዉ አይቀርም። መፍትሔው የዲፕሎማት የትዳር ጓደኛ በተመደቡበት አገር እንዲሠራ የሚፈቅድ፣ በሁለት መንግሥታት መካከል የሚፈረም የሥራ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የቪየና ስምምነት አንቀጽ 37 መሠረት አብሮ የሚኖር ቤተሰብም ያለመከሰስ መብት ስላለው፣ የሥራ ስምምነቱ ከተቀጠሩበት ሥራ ጋር በተያያዘ የፍትሐ ብሔርና የአስተዳደር ክስ ከለላውን ማንሳት ይኖርበታል። ይህ ካልተጻፈ ቀጣሪ አይደፍርም።

በቃለ መጠይቅ በኩል የሚያስፈልገው ቀላል ነው፦ ለሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ፣ እያንዳንዱ ፈታኝም ውይይት ከመጀመሩ በፊት ነጥቡን ጽፎ ያስረክብ። አለዚያ የሰብሳቢው አስተያየት የሌሎቹን ነጥብ ይጎትታል።

መሥሪያ ቤቶቹ በየዓመቱ በየማዕረጉ ያለውን ቁጥር፣ ማን በየትኛው ክፍል እንደተመደበና የለቀቁት ለምን እንደለቀቁ በአንድ ሠንጠረዥ እንዲያወጡ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በዲፕሎማሲ የሰው ኃይል ጉዳይ የምንሠራ አንባቢዎቻችሁ