ተጎታች ይዞ ሐረጎን ለሚወጣ ሰው "በሊትር 13" አይባልም

ይድረስ ፒክአፑን ለሸጣችሁልኝ ድርጅት፣ ለሽያጭ ክፍሉም ለጋራዡም፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ላይ የቆርቆሮና የብረት ሱቅ አለኝ። ናፍጣ ደብል ጋቢናውን ከእናንተ የገዛሁት ዕቃ ላመላልስበት ነው። ገና ስንነጋገር ከኮምቦልቻ ደሴ ተጎታች እየጎተትኩ እንደምሠራበት ነግሬያችኋለሁ። የሽያጭ ሠራተኛችሁ "ችግር የለም፣ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" አለኝ። ባዶውን ይሁን ተጭኖ አልነገረኝም፣ እኔም አምኜ ገዛሁ።

አሁን ተጎታቹን ይዤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ስወጣ በሊትር 6 እንኳን አይሞላልኝም። ለዚያች 25 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ4 ሊትር በላይ ትበላለች። ጋራዣችሁ ስመጣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተር ቆሽሿል ተባልኩ። ታጠበ፣ ከፈልኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሁለተኛ ስመጣ ደግሞ "አነዳድህ ነው" አላችሁኝ። ቆይ፣ አነዳዴ ከሆነ መጀመሪያ ለምን አስከፈላችሁኝ?

እዚሁ ሰፈራችን ለአንድ አንጋፋ መካኒክ አሳየሁት። "አብሽር ልጄ፣ መኪናህ ጤነኛ ነው" አለኝና እንዴት እንደምለካ አስተማረኝ። ታንከሩን ጢም አድርጌ እሞላለሁ፣ እነዳለሁ፣ መልሼ ጢም አድርጌ እሞላለሁ፣ ከዚያ የሄድኩትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍላለሁ። በቆቦ ሜዳ ባዶውን በ80 ስነዳው 12 ተኩል ሄደ። በዚያው መንገድ በ110 ስረግጠው 9 ላይ ወረደ። ለካ የነፋሱ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ኖሯል፣ ከ80 ወደ 110 ሲወጣ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ይሄ የራሴ እግር ያመጣው ነው፣ አልክድም፣ ቀንሻለሁ።

የተጎታቹ ነገር ግን የእኔ እግር አይደለም። መኪናዋ ከነተጎታቹ 3 ቶን ተኩል ትመዝናለች። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ያን ሁሉ ክብደት ያን ያህል ሽቅብ ለማንሳት ብቻ፣ ለመንገዱ የሚያስፈልገውን ሳንቆጥር፣ 1 ሊትር ተኩል ያህል ናፍጣ ይሄዳል። ያውም በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ። መኪና የሚሸጥ ሰው ይህን ያውቃል፣ ካላወቀም ዝም ማለት ነበረበት።

እኔ የማጓጓዣ ዋጋዬን ያወጣሁት በ13 ሒሳብ ነው። ለደንበኞቼ በዚያ ዋጋ ቃል ገብቼ ልዩነቱን ለወራት ከኪሴ ስሞላ ነበር፣ ከምንም በላይ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ስለዚህ የኢንጀክተር ማጠቢያውን ገንዘብ መልሱልኝ። ግድግዳችሁ ላይ ከለጠፋችሁት ቁጥር ሥር "ባዶ፣ በሜዳ መንገድ" ብላችሁ ጻፉበት። እጎትትበታለሁ የሚል ገዢ ሲመጣ ስንት ኪሎ እንደሚጎትትና የትኛውን ዳገት እንደሚወጣ ጠይቁት፣ ከዚያ ቁጥሩን ዝቅ አድርጋችሁ ንገሩት። መኪናዋን አልጠላኋትም፣ ጉልበት አላት፣ ሐረጎ ላይ አቁማኝ አታውቅም።

የከፈልኩበትን ደረሰኝና የለካሁበትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ከዚህ ጋር ልኬላችኋለሁ። መልሳችሁን እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።