የሚበጠሰው ማንገቻ አንዱ ብቻ ነው

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሰው ነኝ። መስከረም ላይ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የተማሪ ቦርሳ ጥገና ይበዛልኛል። አሁን አሁን የቦርሳው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የሚመጣልኝ ቦርሳ ብዙውን ጊዜ አንዱ ማንገቻ ከሥሩ ተገንጥሎ፣ ስፖንጁም አልቆ ነው፤ ሌላው ማንገቻ ግን ከሱቅ እንደወጣ አለ። ልጆቻችን ሸክሙን በአንድ ትከሻ ብቻ እያንጠለጠሉ እንደሚሄዱ ክሩ ራሱ ይመሰክራል።

የልጄ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሰሞን ማታ ትከሻዋን ይዛ "አባባ፣ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል" አለችኝ። የሹራቧን አንገት ገለጥ ባደርገው ማንገቻው ያረፈበት ቦታ ጣት የሚያህል ቀይ ሰንበር አውጥቷል። በማግስቱ ቦርሳዋን ይዤ ከሱቄ አጠገብ ካለችው ሽንኩርት ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 6 ኪሎ! ልጅቷ 24 ኪሎ ናት። የራሷን ክብደት ሩብ ተሸክማ ነው ያንን ዳገት በየጠዋቱ የምትወጣው።

ዕቃውን አንድ በአንድ አወጣሁት። ስምንት ደብተር፣ አምስት መጽሐፍ፣ ምሳ ዕቃ፣ አንድ ሊትር ውኃ። የዚያን ቀን ፕሮግራም የሚጠይቀው ግን ሁለቱን መጽሐፍ ብቻ ነበር። "ለምን ሁሉንም ትይዣለሽ?" ብላት፣ መምህራኑ ፕሮግራም ሲቀያየሩ መጽሐፍ ያልያዘ ልጅ ከክፍል እንደሚወጣ ነገረችኝ። ፍርሃቷን ነው የተሸከመችው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆነች ደንበኛዬን ጠየቅኋት። ቦርሳ የአከርካሪ አጥንትን ለዘለቄታው ያጣምማል የሚባለው በጥናት እንዳልተረጋገጠ፣ የአንገት፣ የትከሻና የወገብ ሕመም ግን እውነት መሆኑን አስረዳችኝ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የቦርሳ ክብደት ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው የትምህርት ቤት ቦርሳ ፖሊሲ 10 በመቶ ላይ ወስናለች። በዚህ ስሌት የልጄ ልጅ መያዝ ያለባት 2 ኪሎ ከ400 ግራም ነው።

"እኛስ እንጨትና ውኃ ተሸክመን አላደግንም ወይ?" የሚሉኝ ወላጆች አሉ። እናቴም እንስራ ተሸክማ ነው ያሳደገችን። እስክታርፍ ድረስ ግን ወገቧን ሳትይዝ ተነሥታ አታውቅም፤ ያንን ለልጅ ልጄ አልመኝም። ደግሞም እናቴ እንስራውን ከፍ አድርጋ፣ ከጀርባዋ አጣብቃ ነበር የምታስረው። የዛሬ ልጆች ማንገቻውን አርዝመው ቦርሳውን መቀመጫቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላ ሲጎትታቸው አንገታቸውን እንደ ኤሊ አስግገው ይሄዳሉ።

እኔ ቤት ያደረግነው ይህ ነው። ማታ ማታ የነገውን ፕሮግራም አይተን የማያስፈልገውን እናስቀራለን፤ ከባዱን መጽሐፍ ከጀርባዋ በኩል እናስቀምጣለን፤ ሁለቱንም ማንገቻ ታጠልቃለች፤ የቦርሳው ታች ከወገቧ እንዳይወርድ አሳጥሬዋለሁ። ስታነሣውም ጎንበስ ሳይሆን ቁጭ ብላ ነው። አሁን 3 ኪሎ ተኩል ደርሰናል። ገና ይቀረናል፤ ከዚህ በታች ለማውረድ ግን የትምህርት ቤቱ እርዳታ ያስፈልጋል።

ለርዕሳነ መምህራን ልመናዬ ይህ ነው፦ ፕሮግራም ሲቀየር ከዋዜማው ለልጆቹ ይነገራቸው። በየክፍሉ አንድ መደርደሪያ ይኑር፤ ከጣውላም ቢሠራ ይበቃል። አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሁለት ልጆች መጽሐፍ እየተፈራረቁ እንዲያመጡ ይፈቀድላቸው። በግቢው ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ቢኖር ደግሞ ከእያንዳንዱ ልጅ ጀርባ አንድ ሙሉ ኪሎ ይወርድ ነበር።

ማንገቻ ማሳጠርና ስፖንጅ መጨመር ለእኔ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እስከ ገና ድረስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁንና ቦርሳውን ይዞ ለሚመጣ ወላጅ ያለ ክፍያ እሠራለሁ። ሽንኩርት ነጋዴዋም ሚዛኗን ፈቅዳልናለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊው፣ ከጎንደር