ይድረስ ለወንድም ዓለም ሙሉቀን

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር፣ ክብር ምስጋና ለመድኃኔዓለም፣ ደህና ነኝ። ዝምታዬ በዛ፤ ሰበብ ብደረድርም አታምነኝምና ልለፈው።

«እኛኮ አልተገዛንም፤ እዚህ ሮም ግን ከሌላው አፍሪካዊ ጋር ይደምሩናል» ያልከኝ ከውስጤ አልወጣም። ለመሆኑ ያናደደህ መናቅህ ነው ወይስ ከሌላው ጥቁር ጋር መደመርህ? እኔ እዚህ ቱሪስት ሳስጎበኝ «ግንቡን ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት?» የሚለኝ ዛሬም አይጠፋም። ፋሲል የካቶሊክ ሰባኪዎቹን ኢየሱሳውያንን አባርሮ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ቆረቆረ ብዬ አስረዳለሁ። ጠያቂው ግን መገዛት አለመገዛታችን መቼ ጉዳዩ ሆነ? ጥቁር እጅ ይህን ይሠራል ብሎ ማመን ነው ያቃተው።

ከእናንተ ቤት ማዶ የነበሩትን እትዬን ታስታውሳቸዋለህ? አባታቸው ጥልያን ነበር። በሚያዝያ 1929 የወጣው የፋሺስት ሕግ ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጥልያን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሳስር ነበር። በግንቦት 1932 ደግሞ አባት ክልሱን «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። እትዬም በእናታቸው አባት ስም ተጠሩ። ጥልያን በኅዳር 1934 ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ፤ የእሳቸው ጣጣ ግን አላበቃም። ሰፈሩ ሲቆጣ «የሶላቶ ልጅ» ይላቸዋል፤ ደስ ሲለው ደግሞ «አይ ቅላት! አይ ጸጉር!» ይላል። ያው አንዱ ሰው እኮ ነው ሁለቱንም የሚለው!

ሁሉን በጥልያን ማላከክ ግን አልወድም። የራሳችን መንግሥት ባርነትን ፈጽሞ በአዋጅ የከለከለው እሱ ከወጣ በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ነው። ጠቆር ያለውን ልጅ «ባሪያ» ብሎ መስደብን ከሶላቶ አልተማርነውም፤ ዘሩን ይዞ ሲመጣ ማሳው ታርሶ ነው የጠበቀው። «አልተገዛንም» የምንለውም አንዳንዴ ይህን ላለማየት ይመስለኛል። ዓድዋን አትንካብኝ እንዳትለኝ፤ ዓድዋ የእኔም ነው።

ለእህትህ የላክኸው የፊት ማንጫ ቅባት ደርሷታል። ጉንጯ ተላልጦ ፀሐይ ሲነካት ስለሚያቃጥላት ነጠላዋን ተከናንባ ነው የምትወጣው። ተይ ብላት «ወንድሜ ከሮም የላከልኝን?» አለችኝ። እኔን አልሰማ ብላለችና አንተ ራስህ ደውለህ ንገራት፤ ሁለተኛም እንዳትልክ።

እማማ ሳይሞቱ አንድ ጥምቀት እንኳ ና ይሉሃል።

ወንድምህ