ለልጄ፦ ከመክሰስህ በፊት

ለምወድህ ልጄ፣

ትናንት በስልክ ስትቆጣ አላቋረጥኩህም። ንዴትህ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን «ያንን ሐኪም ፍርድ ቤት ሳላቆመው አልተኛም» ስትል የትኛውን ሐኪም ማለትህ እንደሆነ ጠየቅኩህ። ለካስ የምትለው ዕጢው ከአንጀቴ አልፎ ጉበቴ መድረሱን የነገረንን ሰው ነው። ልጄ፣ እርሱ እኮ ያገኘው ሰው ነው! ካዩኝ ሐኪሞች ሁሉ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም አንጀትን ውስጡ በካሜራ የማየት ምርመራ፣ ያዘዘልኝ እርሱ ብቻ ነው። ንዴት ክፉ ወሬ ያመጣውን ሰው ይይዛል፤ ሕግ ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል፣ ፈልጎም ማንንም ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ረጋ ብለህ አንብበው።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ሲጨንቀኝም እጄ የሚሄደው ወደ ወረቀት ነው። እቤት ያሉትን የሕክምና ወረቀቶች በሙሉ በየቀናቸው ደረደርኳቸው። አንዱን ደጋግሜ አየሁት። የደም ምርመራ ውጤት ነው፤ ሄሞግሎቢን ከሚለው ትይዩ 9.4 የሚል ቁጥር፣ ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት ታትማለች። ለሴት ከ12 በታች ሲሆን የደም ማነስ ይባላል። በማዘዣው ላይ በእጅ ጽሑፍ የብረት እንክብል ታዟል፣ «ኪንታሮት» ተብሏል፣ ተፈርሟል። ደሙ ለምን እንዳነሰ የሚጠይቅ አንድ መስመር እንኳ የለም። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት ያለፏት ሴት በብረት እጥረት ደሟ ሲያንስ፣ ከሰገራዋም ጋር ደም አያለሁ ስትል፣ ከሆድ ዕቃዋ የሚደማ ነገር ይኖር እንደሆነ መመርመር በሕክምና ከመሠረታዊው ነገር የሚቆጠር ነው። እኛ ጉዳይ ካለን ያለን እዚህች ቀስት ላይ ነው።

ዘግይቶ መገኘት ብቻውን ጥፋት አለመሆኑን ግን ከልብህ ተቀበል። እንደ ቆሽት ካንሰር ያለው ምልክቱን ደብቆ ይቆያል፤ ጎበዝ የሚባል ሐኪምም ቀድሞ ላያየው ይችላል። አገላለጹ ከአገር አገር ቢለያይም፣ ካሳ የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው የሚያስረዳው አራት ነገር ነው፤ ሐኪሙ ለታካሚው የሙያ ግዴታ እንደነበረበት፣ ያንን ግዴታ እንደጣሰ፣ ጉዳት እንደደረሰ፣ ጉዳቱም የመጣው ከዚያው ጥሰት እንደሆነ። የሐኪሙ ሥራ የሚለካው እኛ ዛሬ በምናውቀው አይደለም። በዚያን ዕለት በፊቱ በነበረው መረጃ፣ በእርሱ ሙያና ደረጃ ያለ ብቁ ሐኪም ምን ያደርግ ነበር ተብሎ ነው የሚመዘነው። ግዴታ መኖሩ ብዙ አያከራክርም። ብዙዎች የሚሸነፉት በመጨረሻው ነጥብ ላይ ነው፤ እኔም እንቅልፌን ያጣሁበት እርሱ ነው።

ካንሰሩን ሐኪሙ አላመጣብኝም። ስለዚህ ሕግ የሚያስከፍለው ስለ ካንሰሩ ሳይሆን ስለ ልዩነቱ ነው፤ በጊዜው ቢገኝ ኖሮ በምሆነውና ዛሬ በሆንኩት መካከል ስላለው ልዩነት። በአሜሪካ አኃዞች መሠረት የአንጀት ካንሰር ከቦታው ሳይነቃነቅ ከተገኘ ከ100 ሰዎች 90 ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ወደ ሩቅ አካል ከተሰራጨ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 15 ገደማ ይወርዳል። ይህን ስትሰማ «በቃ፣ ግልጽ ነው» ትል ይሆናል። ግልጽ የሚሆነው ግን ያቺ ቀስት በታተመችበት ዕለት ዕጢው ገና ከአንጀት ካልወጣ ብቻ ነው። ያኔም ጉበቴ ደርሶ ከነበረ፣ ጥፋቱ የቱንም ያህል ግልጽ ቢሆን ካሳው ትንሽ ሊሆን፣ ጭራሹንም ላይኖር ይችላል። ይህ ፍትሐዊ አይመስልም፤ እኔም ስሰማው አንገብግቦኛል።

በእንግሊዝ አንድ ሰው ብብቱ ሥር እብጠት ይወጣበትና ሐኪሙ የስብ እብጠት ነው፣ አያሳስብህ ይለዋል። እብጠቱ የንፍፊት ካንሰር ነበር፤ ዘጠኝ ወር ያህል ዘገየ። በመዘግየቱ የመዳን ዕድሉ ከ42 በመቶ ወደ 25 በመቶ እንደወረደ ፍርድ ቤቱ ተቀበለ። ሆኖም ጉዳዩን በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) በመጨረሻ ያየው ከፍተኛው ችሎት ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ዕድሉ ከመጀመሪያውም ከግማሽ በታች ስለነበር፣ ባይዘገይም ኖሮ አለመዳኑ ይበልጥ የሚያመዝን ነበር ተባለ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1983 የሳንባ ካንሰሩ በጊዜ ሳይታወቅለት የሞተን ሰው ጉዳይ አይቶ፣ ከ39 ወደ 25 በመቶ የወረደ ዕድልም ቢሆን ለዳኝነት ሊቀርብ ይገባል አለ። ፈረንሳይም የጠፋን ዕድል ራሱን እንደ ጉዳት ቆጥራ ካሣ ታስከፍላለች። አስበው፣ አንድ ዓይነት ሕመም፣ አንድ ዓይነት ጥፋት፣ እንደ ዳኛው አገር ግን ሁለት ዓይነት ፍርድ! እኔ ሁለተኛው ትክክል ይመስለኛል። ከመቶ አርባ የሆነ ተስፋ ለባለቤቱ ትልቅ ነገር ነው። ተስፋውን ያልያዘ ሰው ብቻ ነው እንደ ኢምንት የሚቆጥረው። ቢሆንም የእኔ አስተያየት ፍርድ ቤት አያስረታም፤ ስለዚህ ለጠበቃ የምታቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «እናሸንፋለን ወይ?» ሳይሆን «በእኛ ሕግ የጠፋ ዕድል ይካሳል ወይ?» የሚል ይሁን።

ለዚህ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። የሐኪም ማጠቃለያ ወረቀት ብቻ ይዘህ አትምጣ። የሲቲ ስካኑ ምስል ራሱ፣ የላቦራቶሪው ውጤት ከነቀኑ፣ የነርሶቹ ማስታወሻ፣ የሪፈር ወረቀቱ፣ በኮምፒውተር ላይ ከሆነም ውጤቱን ማን መቼ ከፍቶ እንዳየው የሚያሳየው መዝገብ፣ ሁሉም ይጠየቅ። ከዕጢዬ የተወሰደው ናሙና በፓቶሎጂ ክፍል፣ ማለትም ናሙና በሚመረመርበት ክፍል፣ ይቀመጣል፤ እንዳይጣል በጽሑፍ ማሳሰብ ይቻላል። ከዚያ ሁለት ዓይነት ባለሙያ ያስፈልገናል። አንዱ ከመጀመሪያው ሐኪም ጋር በአንድ ሙያ ያለ ሆኖ ሥራው ጎዶሎ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ይመልሳል፤ ሌላው የካንሰር ሐኪም ሆኖ ከዕጢው መጠንና ባሕርይ ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቆጠረ ያኔ የት ደርሶ እንደነበር ይገምታል። በሕክምና ወረቀቶቹ ላይ አንድ ፊደል እንኳ እንዳትጨምር ደግሞ እለምንሃለሁ። ራስህ የምታስታውሰውን በሌላ ወረቀት ጻፈው።

የጊዜ ገደብም አለ። ይርጋ የሚባለው፣ ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት ጊዜ፣ ስንቱን እውነተኛ ክስ በልቷል! በኒው ዮርክ ላቨርን ዊልኪንሰን የተባለች እናት በ2010 የደረት ራጅ ተነሥታ አጠራጣሪ ነገር ታይቶባት ነበር፤ ማንም አልነገራትም። በ2012 የማይድን የሳንባ ካንሰር እንዳለባት ስታውቅ የመክሰሻው ጊዜ አልፎ ነበር። በ2013 ሞተች። በ2018 በስሟ የተጠራ ሕግ ወጥቶ፣ በካንሰር ጉዳይ ጊዜው ታካሚው ስሕተቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነ፤ ስሕተቱ ከተፈጸመ ግን ከሰባት ዓመት አያልፍም። በሌላ ቦታ ቆጠራው ከስሕተቱ ቀን ሊጀምር ይችላል፤ የመንግሥት ሆስፒታል ሲሆንም በአጭር ጊዜ ውስጥ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ የሚጠይቁ አገሮች አሉ። ይህ በእኛ ላይ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር በዚህ ሳምንት መታወቅ አለበት። ቂማችንን ማስታመም ይቆየን።

አሁን ለመጻፍ የከበደኝ ይመጣል። ይህ ክስ በሕይወት እስካለሁ ድረስ የእኔ ነው። ያንተ ቁጣ ከሳሽ ሊሆን አይችልም። ለዚያ ሐኪም ምን እንደነገርኩት፣ እርሱም ምን ብሎ እንደመለሰልኝ፣ ደም እንዳየሁ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ በቃሌ መመስከር የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ጉልበት እያለኝ ቃሌ በጠበቃ ፊት ተጽፎ ይፈረምበት፤ የሚፈቀድ ከሆነም ይቀረጽ። ከሞትኩ በኋላ በብዙ አገር ሁለት ነገር ይቀራል፤ እኔ በቁሜ የደረሰብኝ ለወራሾቼ ይተላለፋል፣ እናንተ በሞቴ ያጣችሁት ደግሞ የራሳችሁ ጥያቄ ይሆናል። የምሰጥህ ውክልና በጥቅሉ ከእኔ ጋር ያበቃል፤ ያኔ በወራሽነት እንጂ በወኪልነት አትቀርብም። ይህን ሳያውቁ ቀርተው የተጉላሉ ብዙ ናቸው።

ፍርድ ቤት ብቸኛው በር አይደለም። ለሆስፒታሉ በጽሑፍ አቤት ብሎ ማብራሪያ መጠየቅ፣ የሐኪሞችን ፈቃድ ለሚቆጣጠረው አካል ማመልከት፣ በሽምግልና መነጋገር ይቻላል። የወንጀል ክስ በብዙ ቦታ የሚሆነው ለከባድ ቸልተኝነት ስለሆነ አታስበው። ኒው ዚላንድ ከ1974 ጀምሮ በዘረጋችው ሥርዓት ጥፋተኛ ማረጋገጥ ሳያስፈልግ ካሳ ይከፈላል፤ የምርመራ መዘግየትም ሊካተትበት ይችላል። ሁሉም ቦታ እንዲህ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ! እኔ መጀመሪያ የምፈልገው መልስ ነው፤ ውጤቱን ማን አየው፣ ካየውስ በኋላ ለምን አልጠራኝም?

በገንዘብ እንስማማ ቢሉን ላለመናገር እንድንፈርም ሊጠይቁን ይችላሉ። አይርላንዳዊቷ ቪኪ ፌላን በ2011 የማሕፀን ጫፍ ምርመራዋ ንጹሕ ነው ተብላ፣ በ2014 ካንሰር ተገኘባት፤ የመጀመሪያው ውጤት ስሕተት እንደነበር የነገሯት ዘግይተው ነው። በ2018 ላቦራቶሪው ጥፋቱን ሳያምን በ2.5 ሚሊዮን ዩሮ ስትስማማ፣ ዝም በዪ የሚለውን ግን አልቀበልም አለች። እርሷ በመናገሯ ከ200 በላይ ሴቶች የቀድሞ ውጤታቸው እንደገና ሲታይ የተለየ ሆኖ እንደተገኘ፣ ለብዙዎቹም እንዳልተነገራቸው ታወቀ። በ2022 አረፈች። እኔም ዝምታዬን አልሸጥም፤ እኔ ባልኖርም እናንተ እንዳትሸጡት።

ሕክምናዬን ደግሞ ከክሱ ጋር አታደባልቀው። ኬሞቴራፒውን እቀጥላለሁ፤ መኖር ስለምፈልግ ነው፣ ሕክምናውን የተወ ከሳሽም ካሳው ሊቀነስበት ይችላል። ካንሰሩን ያገኘልኝን ያንን ወጣት ሐኪም ስታገኘው በደንብ ሰላም በለው። ጠበቃ ከመያዝህ በፊት ክፍያው በምን እንደሆነ፣ ብንሸነፍ የተከሳሹን ወጪ እንከፍል እንደሆነ አስቀድመህ በጽሑፍ ተቀበል።

የመዝገብ ግልባጭ መጠየቂያውን ማመልከቻ ራሴ ጽፌዋለሁ፤ በሁለት ቅጂ ነው፣ በአንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀን ያስፍሩልን። ማክሰኞ አብረን እናስገባለን። ምስሎቹን የምንገለብጥበት ፍላሽ ይዘህ ና።

እናትህ