«ስፒከሩ ይከልከል» ላሉት አንባቢ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት እትማችሁ አንድ አንባቢ በኮንዶሚኒየም ውስጥ ትልልቅ ስፒከር ይከልከል ብለው የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ደግሜ ሳነበው ግን አፈርኩ፤ ሰውየው የሚያማርሩት ጎረቤት ቁርጥ እኔን ነው። ሌላ ሰፈር እንደሚኖሩ ባልጻፉ ኖሮ የኛ ብሎክ ሰው ናቸው ብዬ ደረጃው ላይ ሰው ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከተከሳሽ ወገን ሆኜ ነው።

ሆም ቲያትር አለኝ። አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው፣ እኛ በአጭሩ ቤዝ የምንለው ያ ጥቁር ሳጥን። ዕቁብ ሲደርሰኝ የገዛሁት ነው። ባለቤቴ ገንዘቡን ለፍሪጅ ነበር ያሰበችው፤ አሮጌው ፍሪጅ ባስቸገረ ቁጥር እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። መርካቶ ያለው ሻጭ እንዴት እንደሸጠልኝ አልረሳውም። ፊልም አላሳየኝም፣ ሰው ሲያወራም አላሰማኝም። ቤዙን እስከ መጨረሻው ከፈተና «እጅህን እዚህ ጋ አድርግ» አለኝ። በሳጥኑ ቀዳዳ የሚወጣው ንፋስ መዳፌን ሲመታው እንደ ሕፃን ሳቅኩ። አለቀ፣ ከፈልኩ።

በኔ ዕድሜ ያለ ሰው በዚህ ነገር ቶሎ ይረታል። ያደግነው ቪዲዮ ቤት ነው። ሳንቲም አጠራቅመን፣ አግዳሚ ላይ ተጣብበን፣ ያ ሁሉ ቡጢና ተኩስ ደረታችን ውስጥ እየገባ ነው ፊልም የለመድነው፤ ገንዘብ ያልነበረን ቀን ደግሞ ከቆርቆሮው ግድግዳ ውጭ ቆመን ፊልሙን በጆሯችን እናይ ነበር። የቪዲዮ ቤቱ ጎረቤቶች እንዴት ይተኙ እንደነበር ያኔ አንዳችንም አልጠየቅንም።

እኔ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከኔ ሥር አንድ እናት አሉ፤ እማማ ነው የምላቸው። አንድም ቀን መጥተው በሬን አላንኳኩም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ደህና አደራችሁ?» ይሉኛል፣ እኔም ደህና አድረናል እላለሁ፤ እሳቸው ደህና እንዳላደሩ ማን ይንገረኝ! ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንደዚህ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ከተማ አፓርታማ ውስጥ የሚኖረው ወንድሜ እዚያ ጎረቤት በርህን ሳያንኳኳ ለአፓርታማው ቢሮ ይከስሃል ይለኛል። እኛ ጋ ደግሞ ጎረቤት ዝም ይልሃል። የቱ እንደሚሻል እንጃ።

ነገሩ የፈነዳው መብራት ሄዶ የመጣ ዕለት ነው። ልጄ ፍላሽ ሰክቶ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሻማ አበራን፣ እራት በላን፣ ተኛን። ማጥፊያውን የነካ ሰው የለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራቱ ሲመጣ ሆም ቲያትሩም አብሮ ተነሣ፤ ዘፈኑን ካቆመበት፣ ድምፁንም ከተወው ቦታ ቀጠለ። እግሬ ሶፋ እየመታ፣ ሪሞት ሳጣ፣ መጨረሻ ላይ ሶኬቱን ነቀልኩት። ከዚያ በኋላ የነበረውን ጸጥታ አትጠይቁኝ። ከታች በኩል አንድ ሳል ብቻ ተሰማ።

ጠዋት ይቅርታ ልጠይቅ ወረድኩ። እማማ ቡና እያፈሉ ነበር፣ ተቀመጥ አሉኝ። የሌሊቱን በሳቅ አለፉት። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በሱ ምክንያት ነው፦

«የማሙሽ አባት፣ እኔ እኮ ፊልሙን አልጠላሁትም። ወሬው ቢሰማኝ አብሬያችሁ ባዳመጥኩ። እኔ ጋ የሚደርሰው ግን ዱም ዱሙ ብቻ ነው።»

ወዲያው ላይ ቤት ደወልኩ። ማሙሽን ማታ የጀመርነውን ፊልም በለመድነው ድምፅ ክፈተው አልኩት። እማማ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሰዎቹ ሲያወሩ ምንም አይሰማም፣ እንዲያውም ልጁ ያልከፈተው መሰለኝ። ከዚያ መጣ። ዱም። ትንሽ ቆይቶ ዱም ዱም። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ መነካካት ጀመሩ። ረከቦቱ ላይ አንዱ ሲኒ ክር ክር ክር አለና ሁለተኛውን ተጠጋው። እማማ ምንም አልተናገሩም፤ ሲኒውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። እኔ ላይ ቤት ሆኜ የምሰማው የባሕር ማዕበል ነበር፣ እዚህ ግን አንድ ሰው በተረከዙ ኮርኒሱን የሚረግጥ ነው የሚመስለው።

ጸሐፊው ደብዳቤያቸው ላይ «ድምፅ ቀንሱ ሲባሉ ቀንሰናል ይላሉ፣ ውሸታቸውን ነው» ብለዋል። ላይሆን ይችላል። ጎረቤትዎ በእርግጥ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ግን የተሳሳተውን ነገር ነው የቀነሰው። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ሲያገኝ አብዛኛው ተመልሶ ይቀራል። ቤዝ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ሌላ ጉድ ነው። በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የኔ ሳሎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ግማሹን አይሞላም። እንዲህ ያለውን ድምፅ የብሎኬት ግድግዳ አያቆመውም፣ አብሮት ይርገበገባል። ወለሉም ያው ነው። የብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ወለል ተዘጋጅቶ የመጣ ቢም ተደርድሮ፣ በመሃሉ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ገብቶ፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት የፈሰሰበት ነው። በዚያ ላይ ሴራሚክ፣ በሴራሚኩ ላይ የኔ ሳጥን። ከበሮ ላይ ከበሮ ማስቀመጥ ነው።

ሌላው ጣጣ ፊልሙ ራሱ ነው። ፊልም የሚቀናበረው ለሲኒማ አዳራሽ ነው። በአዳራሹ መለኪያ ከአንድ ስፒከር የሚወጣው ከፍተኛ ድምፅ እስከ 105 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል የሚለካበት ነው)፣ ቤዙ ደግሞ እስከ 115 እንዲደርስ ተፈቅዶለታል፤ ሹክሹክታው ግን ያው ሹክሹክታ ነው። እቤት ውስጥ ምን ይሆናል? ተዋናዩ ሲያንሾካሹክ አይሰማህም፣ ትጨምራለህ። ቦምቡ ሲፈነዳ ትደነግጣለህ፣ ሪሞቱን ፍለጋ ትራስ ታገላብጣለህ። እስክታገኘው ከታች ያለው ሕፃን ነቅቷል።

ምን አደረግሁ? መጀመሪያ የሞኝ ሥራ ሠራሁ። አንድ ቴክኒሻን የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ ለጥፍ አለኝና ከሰፈሩ ሱቆች ሁሉ ካርቶን ለቃቀምኩ። ሳሎኔ የዶሮ እርባታ መሰለ። እማማ ቤት ወርጄ ባዳምጥ ያው ዱም ዱም። ካርቶንም፣ ወፍራም መጋረጃም፣ ምንጣፍም ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንሱ ይሆናል፣ ቤዝ ከቤት እንዳይወጣ ግን አያደርጉም። ካርቶኑን ባለቤቴ በሁለት ቀን አስነቀለችኝ። ትክክል ነበረች።

የሠራው ነገር ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው። ቤዙን ከጥግ አወጣሁት፤ ጥግ ላይ ያለ ቤዝ በሁለቱ ግድግዳና በወለሉ ታግዞ ሳትጨምርበት ራሱ ይጨምራል። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ከግንበኛ የለመንኩት ቁራጭ እብነ በረድ፣ ሳጥኑ ከዚያ በላይ። እንዲህ ሲሆን ወለሉን በቀጥታ አይመታውም። ሶፋውንም አስጠጋሁት፣ ቅርብ ለተቀመጠ ሰው ትንሽ ድምፅ ይበቃዋል። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የቤዙን መጠን ለብቻው ቀነስኩ፣ የመሃለኛውን ስፒከር ደግሞ 3 ዴሲቤል ጨመርኩ። የሰው ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሃለኛው ነው። ይህን ሳውቅ ስንት ጊዜ በከንቱ ሁሉንም ስፒከር ስጨምር እንደኖርኩ ታሰበኝና ራሴን ታዘብኩ።

ከሁሉ በላይ ግን ሪሞቱ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልነካኋት አንዲት ቁልፍ ነበረች። ናይት የሚል ተጽፎባታል። አንዳንዱ ዕቃ ላይ ዲ አር ሲ ትባላለች። ሹክሹክታውን ከፍ፣ ፍንዳታውን ዝቅ ታደርገዋለች። ሻጩ ይህቺን ቢያሳየኝ ምን ነበረበት? እጅህን እዚህ ጋ አድርግ ከማለት!

ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቤዙ ይጠፋል። ኳስ እንኳ ቢሆን። ከዚያ በላይ መቆየት ከፈለግሁ ጆሮ ማዳመጫ አለ።

አሁን ወደ «ይከልከል» ልመለስ። ሕጉ እኮ ድሮም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 የንብረት ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ጎረቤቱን እንዳያስቸግር ይላል። ንዝረትን ልብ ይሏል፣ ያኔ ሰብዉፈር የሚባል ነገር በማንም ሳሎን አልነበረም። የኮንዶሚኒየም አዋጁም፣ ቁጥር 370/1995፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበር መሥርተው በመተዳደሪያ ደንብ እንዲተዳደሩ ያደርጋል። የኛ ብሎክ ኮሚቴ ግን እስከ ዛሬ የተሰበሰበው ለውሃ ታንከርና ለጥበቃ ደመወዝ ብቻ ነው።

የተፈቀደ የድምፅ ልክም በቁጥር አለ፤ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል። እኔም ስልኬ ላይ መለኪያ ጭኜ እማማ ሳሎን ቁጭ አልኩ። 41 አለኝ። ቁጥሩን ካያችሁት ንጹሕ ነኝ። ሲኒው ግን ይንቀጠቀጣል! ለካ መለኪያው የሰውን ጆሮ እንዲመስል ተብሎ የቤዝን ድምፅ ቀንሶ ነው የሚቆጥረው፤ 40 ጊዜ በሚርገበገበው ላይ 35 ዴሲቤል ያህል ይቀንስለታል። ስለዚህ ፖሊስ መለኪያ ይዞ ቢመጣ እንኳ እኔን ነጻ ብሎኝ፣ እማማን በከንቱ ጠራችሁኝ ብሎ ሊሄድ ይችላል።

ደግሞስ ስፒከር ብቻ ነው የሚከለከለው? ከኔ በላይ ያለችው እህታችን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሙቀጫ ታነሣለች። የሷ ሙቀጫ ከኔ ቤዝ በምን ይለያል? ያም ወለል ነው የሚመታው። ቡናዋን ይከልከል ልል ነው? አልልም፤ ከሥሩ የታጠፈ ጆንያ አድርጊበት አልኳት፣ አደረገች፣ ተገላገልን።

ለጸሐፊው የምለው፣ እባክዎ ጎረቤትዎን አንድ ቀን ቡና ይጥሩት። ስለ ድምፅ አያንሱበት። ልጁ ላይ ቤት ፊልም በሚከፍትበት ሰዓት ይጥሩትና የእርስዎ ሶፋ ላይ ያስቀምጡት። ለኔ ከስብከት ሁሉ የሠራው ያ ነው። እናንተም የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች፣ ብትችሉ ስለ ሕንፃ የሚያውቅ ባለሙያ ፈልጋችሁ አዲስ የሚሠሩት አፓርታማዎች ወለል ይህን ነገር እንዴት እንደሚችለው አስጽፉልን፤ ቤት ስንገዛ የምንጠይቀው ስለ ካሬውና ስለ ሊፍቱ ብቻ ነው።

እኔና እማማ ስምምነት አለን። ቅዳሜ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የኔ ነው፣ ቤዙም ይከፈታል። ከበዛባቸው ሚስድ ኮል ያደርጋሉ፣ እኔ ሳላነሣ እቀንሳለሁ። ያለፈው ቅዳሜ ፊልሙ ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ ስልኬ ጠራ። ቀነስኩ። ደግሞ ጠራ። ቤዙን ጨርሼ አጠፋሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ደንግጬ አነሣሁት።

«ምነው ዘጋኸው?» አሉኝ። «ቡና ደርሷል ልልህ ነው እንጂ!»

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሦስተኛ ፎቁ ነዋሪ፣ አዲስ አበባ