«ልፍስፍስ» ስለተባሉት ወንዶች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በባህል ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ እስካሁን እየከነከነኝ ነው። ጸሐፊው የዘመናዊ ልቦለድ ወንዶች «ልፍስፍስ» ናቸው ይላሉ። አይዋጉም፣ አይወስኑም፣ ሲያስቡ ውለው ሲያስቡ ያድራሉ። ወጣቱም ወኔ ያጣው እነሱን እያነበበ ነው ብለው ደምድመዋል። እኔ አልስማማም። የማልስማማበትን ምክንያት ለማስረዳት ከቤታችን ልጀምር።

አባቴ ወታደር ነበር። በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ኤርትራ ዘመተ። ሲመለስ እኔ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና መውረጃው ላይ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «ጀግናው መጣ» እያለ ዶሮ ሠርቶ ተቀበለው። አካሉ ሙሉ ነው። እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጋቢው ውስጥ ይደብቀዋል። ቡና ሲፈላ እናቴ ለሌላው ሰው ስኒውን ሞልታ ትቀዳለች፣ ለእሱ ግን ግማሽ። እንዳይፈስበት ነው። ከአቦሉ እስከ በረካው ግማሽ ግማሽ። ልጅ ሆኜ ስስት ይመስለኝ ነበር። ሌሊት ሲባንን አብራው የምትነሳው እሷ ናት። ጠዋት ሰው ሲጠይቃት «ደህና ነው፣ ትንሽ ደክሞት ነው» ትላለች። ሌላ ምን ትበል? ወንድ ልጅ ሆዱ ሰፊ ነው ተብሏል።

አንድ ነገር ደግሞ አልረሳም። እናቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያግዛታል። ያን ጊዜ ፊቱ ይፈታል፣ ያወራል፣ ይስቃልም። በር ከተንኳኳ ግን ሰፌዱን ቶሎ ወደ እሷ ይገፋዋል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጓደኛዬ ያዋሰችኝን «ሚስስ ዳሎዌይ» ይዤ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ በፈረንጆቹ 1925 ያሳተመችው ልቦለድ ነው። እዚያ ውስጥ ሴፕቲመስ የሚባል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ሰው አለ። ከጦርነቱ በፊት ሼክስፒር የሚወድ፣ ግጥም የሚሞክር ልጅ ነበር። አለቃው ሰውነቱን አይቶ እግር ኳስ ተጫወት ይለዋል። ጦር ሜዳ ሄዶ ወንድነቱን አስመሰከረ። የሚወደው መኮንን ኢቫንስ ሲሞት ብዙም አልተሰማው፣ እንዲያውም በራሱ ኮራ። ያን ጊዜ ያልተሰማው ሁሉ ተጠራቅሞ የመጣበት በኋላ ነው። ሐኪሙ ግን ምንም አልሆንክም ይለዋል።

ሚስቱ ሬዝያ ጣሊያናዊት ናት፣ ባርኔጣ ትሠራለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰው ባርኔጣ ስትሰፋ እሱ ጥብጣቡንና አበባውን ይመርጥላታል። ሁለቱም ይስቃሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ ባልና ሚስት የሆኑት ያኔ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙ ደረጃውን ሲወጣ ሰምቶ ሴፕቲመስ በመስኮት ራሱን ይወረውራል። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። የምስሩ ሰፌድ ፊቴ ድቅን አለ።

ታዲያ ይሄ ልፍስፍስነት ነው? እኔ ያነበብኩት አንድ ሰው ወንድ እንዲባል ምን እንደከፈለ ነው። ከጎኑ ያለችዋም ምን እንደከፈለች።

ጸሐፊው የድሮው ልቦለድ ወንድ ወንድ ነበር ሲሉም ገርሞኛል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና ያንብቡልኝ። እዚያ ውስጥ በወንድነቱና በዘሩ ከፊታውራሪ መሸሻ በላይ የሚመካ ማን አለ? የሚመጥናት ባላባት የለም እያሉ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን የጋብቻ ዕድሜ አሳለፉባት። በገዛ ባላገሮቻቸው ላይ ዘምተው ተማረኩ። ይህን የጻፉት ሐዲስ አለማየሁ ደግሞ ጦርነትን በወሬ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ጣሊያንን ተዋግተው፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ለዓመታት ታስረዋል። ፉከራን እንደዚያ አድርገው ያሳዩን የተዋጉ ሰው ናቸው። እኔ ይህን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም።

በ1962 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»ም ያው ነው። አበራ ወርቁ ሠዓሊ መሆን ይፈልጋል። ዘመድ ሥራህን ያዝ፣ አግባ፣ ቤት ሥራ ይለዋል። አበራ መወሰን ስላቃተው እንሰድበዋለን፤ እንደዚያ አድርጎ ያሰረውን ግን አንጠይቅም።

ደራሲዎቻችንን የምወቅስበት ነገርም አለኝ። የወንዱን ጭንቀት እስከ አጥንቱ ገብተው ያሳዩናል። ሴቲቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሱ ዓይን ብቻ የምትታይ ናት። «ኦሮማይ»ን በጣም እወደዋለሁ። በ1975 ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ፣ በዓሉ ግርማም በዓመቱ ከቤቱ እንደወጣ የቀረበት መጽሐፍ ነው። አባቴ የነበረበትን ዘመቻ ስለሚያወሳ ለእኔ እንደ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ አስመራ ሲሄድ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቷት ነው። እሱ አስመራ ላይ ከፊያሜታ ፍቅር ይይዘዋል። የእሱን ስቃይ ገጽ በገጽ እናውቃለን። ሮማን እዚህ ሆና ሌሊቱን እንዴት እንደምታነጋው ማወቅ ፈልጌ ነበር።

እናቴ ዛሬም አለች። ባለፈው እሑድ ጽሑፋችሁን አነበብኩላትና ስለ ስኒው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋት። «ያወቀብኝ አይመስለኝም» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ «አውቆም ይሆናል» አለች።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ እየተገናኘን «ኦሮማይ»ን እንደገና ማንበብ ጀምረናል፣ በዚህኛው ዙር ሮማንን እየተከተልን። ዓምዱ ቦታ ካለው የምንጽፈውን እንልክላችኋለን።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ