ደብዳቤ ለልጄ፦ ከሌክሲንግተን የመጡት ፖስታዎች

እሑድ ማታ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ለውድ ልጄ ለናሆም፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የትራፊክ ክስህን ነገር በስልክ ላነሳው ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ምግብና ስለ ፈተና ብቻ አውርተን ዘጋነው። አንተ አላነሳኸውም፣ እኔም ድፍረት አጣሁ። ስለዚህ ቀስ ብለህ፣ ደግመህ እንድታነበው በአማርኛ ጻፍኩልህ። ፊደል ያስቆጠርኩህም እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስገባ በፖስታ ሳጥኑ ውስጥ በአንተ ስም የተላኩ አራት ደብዳቤዎች አገኘሁ። ረቡዕ ሦስት ተጨመሩ። በሁሉም ላይ የጠበቃ ቢሮ ስም አለ፤ የሁሉም አድራሻ ሌክሲንግተን የምትባል ከተማ ነው። አልከፈትኳቸውም፤ ያንተ ናቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ አስቀምጬልሃለሁ። ግን በልጇ ስም ሰባት የጠበቃ ደብዳቤ አይታ እንቅልፍ የሚወስዳት እናት የለችም። በዚህ አገር የትራፊክ ክስ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ጠበቆች የተከሳሹን ስም ከመዝገቡ እያወጡ «እኔ ልቁምልህ» ብለው ይጽፋሉ። ከእናትህ የደበቅከውን ሰባት የማታውቃቸው ሰዎች ቀድመው አወቁት።

በዚያው ሌሊት ኮምፒውተሩን ከፍቼ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ፈለግሁህ። መጀመሪያ አሌክሳንድሪያን፣ ቀጥሎ ፌርፋክስን አየሁ፤ የለህም። የቨርጂኒያ ነገር አስቸጋሪ ነው፤ 95 ካውንቲዎችና ከየትኛውም ካውንቲ ውጭ የሆኑ 38 ከተሞች አሏት። ክሱ የሚታየው የምትኖርበት ሳይሆን የተያዝክበት ቦታ ባለው ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት፣ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በሚሉት፣ ነው። ፖስታዎቹን እንደገና ሳያቸው ነገሩ ገባኝ። የሌክሲንግተን ጠበቃ የሚጽፈው በሌክሲንግተን ለሚታይ ክስ ነው፤ ሌክሲንግተን ደግሞ ብላክስበርግ ወዳለው ትምህርት ቤትህ በሚወስደው በ81 አውራ ጎዳና ዳር፣ ሮክብሪጅ ካውንቲ መካከል ናት። ያን ፍርድ ቤት መረጥኩና የአያትህን ስም አስቀድሜ የአንተን አስከትዬ ጻፍኩ። አሁንም የለህም። ጥላሁን የሚለው ስም በፓስፖርትህ ላይ በ«አይ» (I)፣ በመንጃ ፈቃድህ ላይ በ«ኢ» (E) እንደተጻፈ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ፖሊስ የሚገለብጠው ከመንጃ ፈቃዱ ነው። በ«ኢ» ስጽፈው ወጣህ። መዝገቡ የልደት ዓመትህን ይሸፍናል፣ ወሩንና ቀኑን ግን ያሳያል፤ ሌላ ሰው ይሆናል ብዬ የያዝኩት ተስፋ እዚያ ላይ አለቀ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝርልህ ወደፊት ራስህ መፈለግ እንድትችል ነው። የእኛን ሰው ስም የሚጽፈው ሁሉ በመሰለው ስለሚጽፈው፣ አንድ ጊዜ ፈልገህ ብታጣው ክስ የለብኝም ብለህ አትተኛ። ፊደል እየለወጥክ ፈልግ። ወረቀቱ በእጅህ ካለ ደግሞ የፍርድ ቤቱ ስም እዚያው ላይ ተጽፏል፤ ለእኔ እንደሆነብኝ አይቸግርህም።

መዝገቡ ላይ 88 በ70 ይላል፤ ገደቡ 70 ማይል በሆነበት በ88 ነድተሃል ማለት ነው። ስለ ገንዘቡ ከመናገሬ በፊት ስለዚህ ቁጥር ልናገር። ያ መንገድ ተራራ ለተራራ የሚሄድ፣ ሌሊቱን ሁሉ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች የሚመላለሱበት ነው። በሰዓት 88 ማይል እየበረርክ እኔ እዚህ የቡና ስኒ አጥብ ነበር። በዚያ እሑድ ልትሄድ ተነስተህ «በረካው ሳይጠጣ አይወጣም» ብዬ ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ። ያስረፈደህ የእኔ ሦስተኛ ቡና ከሆነ፣ ከእንግዲህ በአቦሉ ተነስተህ ሂድ። እውነቴን ነው የምልህ።

አሁን ወደ ክሱ። ገደቡን ያለፍኩት በ18 ማይል ብቻ ነው፣ ቅጣቴን ከፍዬ እገላገላለሁ ብለህ እንዳሰብክ እገምታለሁ። በቨርጂኒያ ግን ሁለት መስመር አለ፤ ገደቡን በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍ አንድ ነው፣ ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ መንዳት ሌላ ነው። ሁለተኛው ቁጥር እስከ 2020 ድረስ 80 ነበር። አንተ የተያዝከው በዚህ በሁለተኛው ነው። ይህ ሬክለስ ድራይቪንግ የሚሉት፣ በእኛ አነጋገር በግዴለሽነት ማሽከርከር ነው፤ ተራ የትራፊክ ጥፋት ሳይሆን ወንጀል ነው። ሕጉ እስከ 12 ወር እስራት፣ እስከ 2,500 ዶላር መቀጮና እስከ 6 ወር የመንጃ ፈቃድ እገዳ ይፈቅዳል። ይህ ሁሉ ይደርስብሃል ማለቴ አይደለም፤ ጣሪያው ይህ ነው። ጥፋተኛ ከተባልክ ግን ስድስት የቅጣት ነጥብ ይያዝብሃል፣ ጥፋቱም በዲኤምቪ፣ ማለትም በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ፣ መዝገብህ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ነገ መሐንዲስ ሆነህ ሥራ ስትጠይቅ «በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልስህ «አዎ» እንዲሆን አልፈልግም። ይህ ክስ አስቀድሞ በኢንተርኔት ተከፍሎ የሚዘጋ አይደለም፤ መቅረብ አለብህ። ብትቀር በሌለህበት ሊፈረድብህ ወይም የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣብህ ይችላል።

ዝም አይነቅዝም ይላል የሀገራችን ሰው። በዚህ ጉዳይ ግን ይነቅዛል፤ እንዴት እንደሚነቅዝ እኔ ነኝ የማውቀው። ነግሬህ አላውቅም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012፣ አንተ ገና አዲስ አበባ ከአያትህ ጋር ሳለህ፣ ወደ ሥራ ስሄድ መታጠፍ በተከለከለበት ቀይ መብራት ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ፖሊሱ ወረቀት ጽፎ «ፈርሚ» አለኝ። ፊርማው ጥፋቴን ማመኔ መሰለኝ፤ ነገሩ በዚያው ያለቀም መሰለኝ። ያ ፊርማ ግን «እቀርባለሁ» የሚል ቃል እንጂ የጥፋተኝነት እምነት አልነበረም፤ የአንተም እንደዚያው ነው። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም። በሀገሬ ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ደጅ ቆሜ የማላውቅ ሰው ነበርኩ፤ አፈርኩ። በመካከሉ ቤት ቀየርኩ፣ ደብዳቤዎቹ ወደ ቀድሞው አድራሻ ሄዱ። በሌለሁበት ተፈረደብኝ፤ መቀጮው ስላልተከፈለ መንጃ ፈቃዴ ታገደ። እኔ ግን ሳላውቅ በየቀኑ እየነዳሁ አረጋውያን ታካሚዎቼ ጋር እመላለስ ነበር። አንድ ጠዋት የኋላ መብራትሽ አይሠራም ብሎ ያስቆመኝ ፖሊስ በታገደ ፈቃድ በመንዳት ከሰሰኝ። ይህም ወንጀል ነው። አንዲት ትንሽ የመታጠፊያ ቅጣት በእኔ ዝምታ ወንጀል ሆነች።

ያን ጊዜ ፍርድ ቤት ቆምኩ። እንግሊዝኛ እንደማይበቃኝ ስናገር ያለ ክፍያ አማርኛ አስተርጓሚ አቀረቡልኝ፤ እንዲህ ያለ መብት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ዳኛው ረጅም ቀጠሮ ሰጡኝ፤ ከፍዬ፣ ፈቃዴን አስመልሼ ስመጣ ክሱን ሰረዙልኝ። በኋላ ዜግነት ሳመለክት ስለ ክሶቹ ተጠየቅሁ፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ መስኮት ሄጄ የውሳኔውን የተረጋገጠ ግልባጭ ማውጣት ነበረብኝ። ጸሐፊዋ የመዝገብ ቁጥር ስትጠይቀኝ አልነበረኝም። መዝገብ በስም መፈለግን ያሳየችኝ እሷ ናት። ከ2020 ጁላይ ወዲህ ቨርጂኒያ መቀጮ ባለመክፈል ብቻ የመንጃ ፈቃድ ማገድ አቁማለች፤ እኔን የጎዳኝ ሕግ ተሽሯል። ቀጠሮ መቅረት ግን አሁንም መዘዝ አለው።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። ከሰባቱ ጠበቆች ለሁለቱ ወይም ለሦስቱ ደውል። የምትጠይቃቸው ዋጋ ብቻ አይሁን፤ በዚያ ፍርድ ቤት ስንት ጊዜ እንደሚቆሙና በ88 የተያዘ፣ ከዚህ በፊት ያልተቀጣ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው በግልጽ ይንገሩህ። ከዲኤምቪ የማሽከርከር ታሪክህን አውጣ፤ ንጹሕ መሆኑን ዳኛው በወረቀት ቢያዩት ይሻላል። ስምንት ሰዓት የሚፈጀውን የአሽከርካሪዎች ማሻሻያ ትምህርት ከቀጠሮው በፊት ጨርስ። መኪናውንም የፍጥነት መቁጠሪያ ወደሚያስተካክል ጋራዥ ውሰደው። ባለፈው ክረምት ጎማ ስንቀይር መጠኑ ከፊተኛው ከፍ እንደሚል ነግረውን ነበር፤ ትልቅ ጎማ ደግሞ ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ ብሎ እንዲያሳይ ያደርጋል። ቆጣሪው ከተዛባ የምርመራውን የምስክር ወረቀት ለዳኛው ማቅረብ ትችላለህ። ትክክል ሆኖ ከተገኘ ግን እዚያ ላይ ያበቃል፤ ሰበብ አትፈልግ።

የአክስትህ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ እንደሚመክርህ አውቃለሁ። ልጁ አስተዋይ ነው፣ ግን የሚያውቀው ሜሪላንድን ነው። እዚያ በገንዘብ ለሚዘጋ ቅጣት 30 ቀን አለህ፤ ወይ ትከፍላለህ፣ ወይ ጥፋቱን አምነህ ምክንያትህን ለዳኛ ለማስረዳት ትጠይቃለህ፣ ወይ ክርክር ትጠይቃለህ፤ ዝም ካልክ የክርክር ቀጠሮ ራሱ አይመጣልህም። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ተራውን የትራፊክ ቅጣት የሚያየው ፍርድ ቤት ሳይሆን ዲኤምቪ ስለሆነ የፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ብትፈልገው አታገኘውም። አንድ ድልድይ በተሻገርን ቁጥር ሕጉ ይለወጣል። አንተ የተያዝከው ቨርጂኒያ ነው፤ የቨርጂኒያን ብቻ ስማ። «ቅጣትህን በዚህ ማስፈንጠሪያ ክፈል» የሚል የስልክ መልእክት ቢመጣልህም አትንካው። እንዲህ ያለው የአጭበርባሪ መልእክት በዝቷል፤ ክስህን መዝገቡ ላይ ራስህ እየው፣ ከዚያ ውጭ ማንንም አትመን።

በቀጠሮው ቀን ስምህ ሲጠራ ቀጥ ብለህ ቁም። በዚያ ፍርድ ቤት ሸንጎ ሙሉ ሰው የሚፈርድበት ክርክር የለም፤ አንድ ዳኛ ናቸው። ፖሊሱ ያየውን ይናገራል፤ አታቋርጠው። ዳኛው ክሱን ወደ ተራ ፍጥነት ወይም ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ ወደሚባለው ቀለል ያለ ጥፋት ሊያወርዱልህ ይችላሉ፤ ይህኛው መቀጮው ከ500 ዶላር አይበልጥም፣ ነጥቡም ሦስት ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንጀል አይደለም። ፍርዱ ከከፋ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካልክ ሰርኪዩት ኮርት የሚባለው የበላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደ አዲስ ያየዋል። አሥሩ ቀን በፍጥነት ያልቃል፤ የዚያኑ ዕለት እንወስናለን።

አያትህ ሰው ሲበድላቸው «በሕግ አምላክ!» ብለው ያስቆሙት ነበር፤ የቆመውም አብሯቸው ወደ ዳኛ ይሄድ ነበር። አንተንም የጠራህ ሕግ ነው። ስምህ ተጠርቶ «አቤት» ሳትል እንድትቀር አላሳደግሁህም።

ከሥራ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ከቀጠሮው በፊት ባለው ማታ ብላክስበርግ እገባለሁ፤ ጠዋት አብረን ወደ ሌክሲንግተን እንወርዳለን። ድፎ ዳቦ ይዤልህ እመጣለሁ፣ ፖስታዎቹንም። በየሁለት ቀኑ መዝገቡን እያየሁ ነው፤ ቀኑ ወይም ሰዓቱ ቢለወጥ እነግርሃለሁ፤ አንተም እይ። አሁን ግን ያን የፈረምክበትን ወረቀት ከየትም ፈልገህ አግኘውና ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንስተህ ዛሬ ማታ ላክልኝ።

የምትወድህ እናትህ